«በተሰፋ ደረት ስፖርት ቤት አልገባም» ይላሉ አባቴ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ68 ዓመቱ አባቴ ከሁለት ወር በፊት የልብ ባይፓስ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጡ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሪሃብ (የልብ ማገገሚያ ፕሮግራም) እንዲጀምሩ ወረቀት ተሰጥቶን ነበር፤ ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ቀረ። «በተሰፋ ደረት ስፖርት ቤት አልገባም፤ ልብ የሚፈልገው ዕረፍት ነው» ይላሉ። እናቴም ከሳቸው ጋር ናት፤ ውሃ እንኳ ራሳቸው እንዲቀዱ አትፈቅድም። ሊጠይቅ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ «አይነሱ፣ አይነሱ» ነው። ታክሲ ሲነዱ ከተሳፋሪ ሁሉ ጋር ይጫወቱ የነበሩት ሰው ዛሬ ሶፋ ላይ ዝም ብለው ይውላሉ፤ በትንሽ ነገርም ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ደጋግሜ ብናገር «አባትሽን ልታዢ ነው?» ተባልኩ። ምን ላድርግ?

ልጃቸው ነኝ

ልጄ፣

አባትሽን እንኳን ማረልሽ። በቀጥታ ልንገርሽ፤ አባትሽ ሪሃቡን መጀመር አለባቸው። ሁለት ወር አለፈ ብለሽም ተስፋ አትቁረጪ፤ ጊዜው አላመለጣቸውም።

ቀዶ ጥገናው ደም የተዘጋውን ሥር አልፎ የሚደርስበት ሌላ መንገድ ሰጣቸው እንጂ ሥሩን ያጠበበውን በሽታ አልነቀለላቸውም። የደም ግፊቱ፣ ስኳሩና ኮሌስትሮሉ ካልተያዙ አዲሱም ሥር ሊጠብ ይችላል። ወጌሻ እንኳ አጥንቱን ካቃና በኋላ «እየመጣህ ልሽህ» ይል የለም? ሪሃብም የሕክምናው ቀሪ ክፍል ነው። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ፣ ሪሃብ የተከታተሉ ሰዎች በልብ በሽታ የመሞታቸውም ሆስፒታል ተመልሰው የመተኛታቸውም ዕድል ቀንሶ ተገኝቷል። ያም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ካላቸውና ሪሃብ ከሚገባቸው ሰዎች የሚጀምረው ከአራት አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አባትሽ ስለ ዕረፍት የሚሉትን ግን አትናቂባቸው፤ ሐኪሞችም ራሳቸው ይሉት የነበረ ነው። ድሮ ልቡ የታመመ ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ ይከለከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ከአልጋ አንስተው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚሻል ጻፉ። በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ፣ ሐኪማቸው ፖል ደድሊ ዋይት ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴ እንዲመለሱ አደረጓቸው። ፕሬዚዳንቱ በዓመቱ እንደገና ተመርጠው እስከ 1969 ኖሩ። ይህን ለአባትሽ አጫውቺያቸው፤ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ ሳይወዱ አይቀሩም።

ከዕረፍቱ ወሬ በስተጀርባ ግን ፍርሃት ያለ ይመስለኛል። ደረቱ ተከፍቶ አጥንቱ በሽቦ የታሰረ ሰው፣ ሳል ሲመጣበት ትራስ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሰው «ስፖርት» ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሪሃብ ማዕከሉ ውስጥ የሚሆነውን ንገሪያቸው። መጀመሪያ ነርሷ መድኃኒታቸውንና ቁስላቸውን ታያለች፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ለስድስት ደቂቃ በራሳቸው እርምጃ ያራምዷቸዋል። ደረታቸው ላይ ትንንሽ ገመድ ይለጠፍና የልባቸው ምት ስክሪን ላይ ይታያል። ግፊታቸው ከመጀመራቸው በፊት፣ በመሐልና ሲጨርሱ ይለካል። ትሬድሚሉን ወይም ሳይክሉን በቀስታ ይጀምራሉ፤ በየጊዜው «ምን ያህል ከበደዎት?» ይባላሉ፤ ከከበዳቸው ይቀነሳል። ሶፋው ላይ ልባቸውን የሚጠብቅ ማንም የለም፤ እዚያ ግን ዓይን የማይነቅል ባለሙያ አለ።

የጻፍሽልኝ እንባና ዝምታ ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ ድብርት ብዙ ሰው ላይ ይመጣል፤ የእምነት ማነስም የወንድነት ጉድለትም አይደለም። ሪሃብ ውስጥ ይህንንም ይጠይቋቸዋል። ደግሞ አንድ ነገር ስሚኝ፤ የሐኪሞቹ እንግሊዝኛ ካስቸገራቸው አስተርጓሚ አንቺ አትሁኚ። አባት ፍርሃቱን፣ ይልቁንም ከሚስቱ ጋር ስላለው የመኝታ ጉዳይ፣ በልጁ አፍ አይጠይቅም። ብዙ ወንዶች ይህን በልባቸው ይዘው ይሰቃያሉ፤ መልሱ ግን ቀላል ነው፦ ሁለት ፎቅ ደረጃ ያለ ደረት ሕመምና ያለ ማለክለክ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀድለታል። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛ የሚችል ሰው ወይም የስልክ አስተርጓሚ ጠይቂ።

እናትሽ አባትሽን ከባድ ነገር እንዳያነሱ መከልከላቸው ልክ ነው፤ የደረት አጥንት እስኪጠና እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ውሃ መቅዳት ግን ሌላ ነው። ከእናትሽ ጋር አትሟገቺ፤ በመጀመሪያው ቀን እሳቸውንም ይዘሻቸው ሂጂ። ስክሪኑን በዓይናቸው ካዩ የወጡን ጨው የሚቀንሱትም፣ ማታ ማታ «እስቲ ትንሽ እንራመድ» የሚሉትም እሳቸው ይሆናሉ።

አንቺ መናገሩን ለጊዜው ተይው፤ በተለይ እንግዳ ፊት። የልብ ሐኪማቸው በራሱ አንደበት «ይህ ከመድኃኒትዎ እኩል ያስፈልግዎታል» ይበላቸው፤ የሐኪም ቃል የሚያህል ሰው የሚያሳምን የለም። የንስሐ አባታቸው ወይም ባይፓስ ያለፈ የሥራ ጓደኛ ካለ ደግሞ እሱም መጥቶ ያጫውታቸው። ልመናሽም አንድ ቀን ብቻ ይሁን፤ «አይተውት ካልወደዱት እንመለሳለን» በያቸው።

ሜዲኬር ካላቸው ፓርት ቢ ለባይፓስ በሽተኛ እስከ 36 ጊዜ ይሸፍናል፤ ከዓመታዊው ዲዳክቲብል በኋላ 20 በመቶው የናንተ ድርሻ ነው፤ ሜዲኬይድ ወይም ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካላቸው ያንን ሊከፍል ይችላል። ማዕከሉ ከቤታችሁ ከራቀ፣ በስልክ እየተከታተሉ ቤት ውስጥ የሚያሠሩ ፕሮግራሞችም ስላሉ ጠይቂ። ሌሎች አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ ማዕከል በቅርብ የሌላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪማችሁን «በቀን ስንት ደቂቃ ልራመድ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የደረት ሕመም፣ ተቀምጠው ትንፋሽ ማጠር ወይም ራስ መሳት ከመጣ ግን ሪሃብም ቀጠሮም አትጠብቂ፤ 911 ደውዪ።

አሁን ያንን ወረቀት ከፍሪጁ ላይ አንሺና የሐኪሙ ቢሮ ደውለሽ ቀን አስይዢ።