ስለ ቀን መቁጠሪያ ሰርቨር አተካከልና ስለ ብልሽቱ አፈላለግ
ለአብደራፊና ለአካባቢው የሰሊጥ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በአብደራፊ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው በሁለት ዓይነት ቀንና በሦስት ዓይነት ሰዓት እንደሚሠራ ይታወቃል። ከገበሬውና ከሳሉጉ ጋራ የሚዋዋለው በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር ነው፤ ባንኩና የውጭ አገሩ ገዢ የሚጽፉለት ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሰዓቱንም እኛ ከንጋት ጀምረን ስንቈጥር ኮምፒዩተሩ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቈጥራል፤ ከጋላባት ወዲያ ያለው ደንበኛ ደግሞ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ ሁሉ በባለቤቱ ራስ ውስጥና በኪሱ ደብተር ላይ ብቻ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ወደ እርሻው በወጣ ቀን ጸሐፊው ምንም የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

ጕዳቱ ምን ያህል እንደሚደርስ በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። ኤል ሲ በሚባለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ላይ የመጨረሻው የጭነት ቀን ዲሴምበር 10 ነው ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ፣ ይህ ቀን በ2018 ዓ. ም. ታኅሣሥ 1 ቀን ነበር። ነገር ግን 2019 ዓ. ም. ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጕሜ 6 ቀን ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት በ2020 ዓ. ም. ታኅሣሥ 1 ቀን የሚውለው ዲሴምበር 11 ነው። ስለዚህ «ዲሴምበር 10 ታኅሣሥ 1 ነው» ብሎ በልማድ የያዘ ጸሐፊ በዚያ ዓመት በአንድ ቀን ይዘገያል። ሰነዱም የሚገዛው ዩ ሲ ፒ 600 በተባለው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ከሆነ፣ የጭነቱ ወረቀቶች ከተጫነበት ቀን አንሥቶ ባሉት 21 ቀኖች ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለባቸው፤ ሰነዱ ከዚህ ያነሰ ጊዜ የወሰነ እንደሆነም በተወሰነው ይሠራል። ባንክ ወረቀት እንጂ ሰሊጥ አይመረምርም፤ የአንድ ቀን መዛነፍ ላኪው ገንዘቡን እንዳያገኝ ለማድረግ ይበቃል። ለላኪው ዕቃ የሚያቀርበው የአብደራፊ ነጋዴም ገንዘቡ አብሮ ይያዝበታል።

ለዚህ ችግር ከሚረዱት መሣሪያዎች አንዱ የቀን መቁጠሪያ ሰርቨር ነው። ይኸውም የንግድ ቤቱን ቀጠሮዎች ሁሉ በአንድ ቦታ አስቀምጦ፣ የባለቤቱም የጸሐፊውም የመጋዘን ጠባቂውም ስልክ ያንኑ አንድ መዝገብ እንዲያነብና እንዲጽፍበት የሚያደርግ ኮምፒዩተር ነው። ስልኮቹና ኮምፒዩተሩ የሚነጋገሩበት ደንብ ካልዳቭ ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የወጣ ነው። ቀጠሮው የሚጻፍበት ቅርጽ አይካሌንደር የሚባለው ደግሞ በ1998 የወጣ ነው። ሁለቱም ለማንም የተፈቀዱ ስለሆኑ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ስልኮች በአንድ መዝገብ ሊጠቀሙ ይችላሉ።

ፕሮግራሙን በነጻ ማግኘት ይቻላል። ምንጫቸው ለሁሉ ክፍት ከሆኑት መካከል ዳቪካል፣ ባይካል፣ ኔክስትክላውድና ራዲካሌ የሚባሉት ይገኛሉ። ኔክስትክላውድ ብዙ ሥራ የሚሠራ ቢሆንም ለአንድ የሰሊጥ መጋዘን ሸክሙ ይበዛል፤ ዳቪካልም ፖስትግሬስ የሚባል የመረጃ ቋት ይፈልጋል። እኛ የምንመርጠው ራዲካሌን ነው። ምክንያቱም በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ሆኖ፣ እያንዳንዱን ቀጠሮ እንደ ተራ ጽሑፍ በዲስኩ ላይ ስለሚያስቀምጠው ነው። ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ እንኳ ማኅደሩን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ገልብጦ ሥራውን መቀጠል ይቻላል።

በምን ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ይተከል ለሚለው ጥያቄ፣ ብዙ ሰዎች ራዝበሪ ፓይ የምትባለውን መዳፍ የምታህል ኮምፒዩተር ይመክራሉ። ዋጋዋ ርካሽ፣ የመብራት ፍጆታዋም ጥቂት ነው። ሆኖም ከአምስተኛው ዓይነት በፊት የተሠሩት በባትሪ የሚሄድ የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ ጊዜውን አያውቁትም፤ የቆሙበትን ሰዓት ይዘው ይነሣሉ። የቀን መቁጠሪያ ጠባቂ ቀኑን ካላወቀ ምን ይረባል? በተጨማሪም በቆላው የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት በተዘጋ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተቀመጠች እንደሆነ ግለቷ ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሷን ለማዳን ሥራዋን ታዘገያለች። ስለዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ይሻላል እንላለን። የራሱ ባትሪና የራሱ ሰዓት አለውና መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ ይቆያል። ባትሪው የደከመ መሆኑን ግን አስቀድሞ መመርመር ይገባል።

አሁን ወደ አተካከሉ እንለፍ። በላፕቶፑ ላይ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ይጫናል። ራዲካሌ በሁለቱም የፕሮግራም ማከማቻ ውስጥ ስለሚገኝ ከዚያው ማውረዱ ይቀላል። በአብደራፊ መስመሩ ደካማ የሆነ እንደሆነ ጐንደር ላይ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ዋናውን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን እርሱ የሚደገፍባቸውን ጥቅሎች ሁሉ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ ወቅት ዋናውን ብቻ ይዞ ወርዶ፣ ለአንድ የጐደለ ጥቅል ሲል እንደገና እስከ ጐንደር ተመልሷል።

ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ በማዘዣ ፋይሉ ላይ የሚስተካከሉት ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ፣ ራዲካሌ ሲጫን ከራሱ ኮምፒዩተር በቀር ከማንም ጋራ እንዳይነጋገር ተደርጎ ስለሚመጣ፣ በ5232 ቍጥር በር ላይ ከቤቱ መስመር የሚመጣውን ሁሉ እንዲቀበል ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህም አድራሻውን 0.0.0.0:5232 ብሎ በመጻፍ ይፈጸማል። ሁለተኛ፣ የተጠቃሚዎች ስምና የይለፍ ቃል የሚቀመጥበት ፋይል ይዘጋጃል። በቀድሞዎቹ የራዲካሌ እትሞች ይህ ሳይደረግ ቢቀር ማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል ይገባ ነበር፤ ከ3.5 እትም ወዲህ ግን ይህ ካልተደረገ ማንም አይገባም። ሁለተኛው አሠራር ለጀማሪ ቢያስቸግርም ለነጋዴ የሚበጀው እርሱ ነው። ሦስተኛ፣ ቀጠሮዎቹ የሚቀመጡበት ማኅደር ባለቤትነቱ ለራዲካሌ ተጠቃሚ ስም መሰጠቱ ይረጋገጣል።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ከኮምፒዩተሩ ጋራ አብሮ እንዲነሣ ማዘዝ ይገባል። በእጅ አስነሥቶ «ሠርቷል» ብሎ የሄደ ባለሙያ፣ መብራት በጠፋ ማግሥት ተመልሶ ይጠራል። በዋይፋይ ማሠራጫውም ላይ ለላፕቶፑ የማይለወጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.10 የሚል፣ ይመደብለታል። አድራሻው በየጊዜው ከተለወጠ ስልኮቹ ሁሉ ሰርቨሩን ያጡታል።

በአይፎን ስልክ የካልዳቭ መግቢያ ከስልኩ ጋራ የመጣ ነው። በአንድሮይድ ስልክ ግን ዳቭኤክስ 5 የሚባለውን ፕሮግራም መጨመር ያስፈልጋል፤ ከኤፍ ድሮይድ ማከማቻ በነጻ ይገኛል። በላፕቶፕ ላይ ተንደርበርድ ይበቃል። አዲስ የቀን መቁጠሪያ የሚከፈተው በማናቸውም የድረ ገጽ መመልከቻ የሰርቨሩን አድራሻና የበሩን ቍጥር ጽፎ በመግባት ነው። ለውል፣ ለጭነት፣ ለሠራተኛ ክፍያ ለየብቻ መክፈት መልካም ነው።

ስልኩ ሰርቨሩን አላገኘሁም ሲል ብዙ ሰው ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል። ይህ ድካም ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የሚመለሰውን መልስ ማንበብ ይገባል። «ግንኙነቱ ተከልክሏል» የሚል መልስ ከመጣ ኮምፒዩተሩ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ራዲካሌ ግን አልተነሣም፣ ወይም አሁንም ከራሱ ጋራ ብቻ ይነጋገራል። መልስ ሳይመጣ ረጅም ጊዜ ቈይቶ ከተቋረጠ አድራሻው ተሳስቷል፣ ወይም የኮምፒዩተሩ የመስመር አጥር 5232ን ዘግቶታል። 401 የሚል ቍጥር ከመጣ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ አልተስማማም። እዚህ ላይ አንድ ስውር ችግር አለ፤ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የተመሰጠረበት ዘዴ በማዘዣው ላይ ከተጻፈው ጋራ ሲለያይ መልሱ ያው 401 ነው። ቢክሪፕት የሚባለውን ዘዴ የመረጠ ሰውም ለእርሱ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥቅል መኖሩን ይመርምር። 403 ከመጣ ሰውዬው ታውቋል፣ ነገር ግን የሌላ ሰው መዝገብ ሊከፍት ሞክሯል። ራዲካሌ ሌላ ትእዛዝ እስካልተሰጠው ድረስ ለእያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ ባለቤቱና ጸሐፊው በጋራ ለሚሠሩበት መዝገብ አንድ የጋራ ስም መክፈት ቀላሉ መንገድ ነው። ማንበብ እየተቻለ መጻፍ ያልተቻለ እንደሆነ የማኅደሩን ባለቤትነት መመርመር ይገባል፤ ይህ በተለይ ማኅደሩ ከሌላ ኮምፒዩተር ተገልብጦ ሲመጣ ይደርሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ኪሳራ የሚያመጣው ግን ሰርቨሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቀኑ ወይም ሰዓቱ የሚሳሳትበት ነው። ጸሐፊው ለጠዋቱ 3 ሰዓት የመኪና ቀጠሮ ሲጽፍ በስልኩ ላይ 3 ብሎ ቢያስገባ፣ ማስታወሻው የሚደወለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ መጻፍ የነበረበት 9 ብሎ ነው። የሰዓት ክልሉም አዲስ አበባ መሆን አለበት። አንዳንድ ፕሮግራም በምትኩ ናይሮቢ ብሎ ቢያሳይ አያሳስብም፤ የሁለቱ ሰዓት አንድ ነው፣ በዓለም የሰዓት መዝገብም የአዲስ አበባ ስም ወደ ናይሮቢ ይመራል። የሱዳን ጕዳይ ግን የተለየ ነው። ሱዳን ከ2000 እስከ 2017፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ከእኛ ጋራ በአንድ ሰዓት ትሠራ ነበር፤ ከኖቬምበር 1 ቀን 2017፣ ማለት ከጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ. ም. ጀምሮ ግን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመልሳለች። የጋላባቱ ደንበኛ «በ9» ብሎ የቀጠረው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። የሰዓት መዝገቡ ያልታደሰ አሮጌ ስልክ ይህን አያውቅምና የካርቱምን ክልል ከእኛ እኩል አድርጎ ያሳያል።

በየወሩ የሚመላለስ ክፍያም እንዲሁ ያሳስታል። የቤት ኪራይ በየወሩ በ30 ይከፈላል እንበል። ጸሐፊው ከጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ. ም. ጀምሮ «በየወሩ» ብሎ ቢመዘግብ ኮምፒዩተሩ በኖቬምበር 9 ጀምሮ በየወሩ 9 ይቈጥራል። ኅዳር 30 ትክክል ይመጣል፤ የሚቀጥለው ግን ጥር 1፣ ከዚያም የካቲት 2 ላይ ይወድቃል፤ በየካቲት 30 እንደገና ትክክል ይሆናል። አንድ ጊዜ እየተሳሳተ አንድ ጊዜ እየተቃና ስለሚሄድ ጸሐፊው ስሕተቱን ቶሎ አያየውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 የወጣ አንድ ደንብ በኢትዮጵያ ወራት መመላለስን ፈቅዷል፤ 13ኛው ወራችንም በምሳሌነት ተጠቅሶበታል። ነገር ግን ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ይህን ስለማይከተሉት አንመካበትም። የሚሠራው ዘዴ «በየ30 ቀኑ፣ 12 ጊዜ» ብሎ መመዝገብ ነው። ከመስከረም 30 የጀመረ ነሐሴ 30 ላይ በትክክል ያልቃል፤ ጳጕሜን ዘልሎ አዲሱን ዓመት እንደገና መመዝገብ የጸሐፊው ሥራ ይሆናል። በባንክ ቀኖች ላይ ደግሞ ቀኑን በአውሮፓ አስገብቶ፣ በርእሱ ላይ የኢትዮጵያውን ቀን አብሮ መጻፍ ይገባል።

አብደራፊ፣ ጐንደርና አዲስ አበባ ሰው ያለው ንግድ ቤት ሰርቨሩን የት ያኑር? መስመሩ በሚጸናበት ቦታ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ አንዘነጋም። እንደዚህ ባለ ጊዜ በግቢ ውስጥ ያለ ሰርቨር በዋይፋይ ብቻ ሥራውን ይቀጥላል፤ በሩቅ ያለው ሰው ግን ስልኩ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ግልባጭ ብቻ ያነባል። ሁለት ሰዎች ተለያይተው ሳሉ አንዱን ቀጠሮ ሁለቱም ቢለውጡት፣ መስመሩ ሲመለስ ዳቭኤክስ 5 በሰርቨሩ ያለውን ይይዛል፤ የስልኩ ለውጥ ይጠፋል። ስለዚህ የውልና የጭነት ቀን የሚለውጥ አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን በንግድ ቤቱ መወሰን አለበት። ከግቢ ውጭ ለመጠቀም የሚፈልግም 5232ን በቀጥታ ለኢንተርኔት አይክፈት፤ ያልተመሰጠረ መስመር የይለፍ ቃሉን ገልጦ ይወስዳል። በዋየርጋርድ ወይም በሌላ የተመሰጠረ መንገድ ማለፍ አለበት፤ ይህን ባለሙያ ጠርቶ ማሠራት ይበጃል።

በየሳምንቱ ቅዳሜ መጋዘኑ ሲዘጋ የቀጠሮው ማኅደር በፍላሽ ተገልብጦ ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ ይቀመጥ። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በሂላ በቆመበት ሰሞን ግን በየማታው ቢገለበጥ መልካም ነው፤ የዓመቱ ውልና የሠራተኛው ሒሳብ የሚጻፈው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነውና።