የአርባዎቹ ሒሳብ

አርባ አምስት ዓመት ሞላዎት እንበል። ሥራ አለ፤ ልጆቹ ይማራሉ፤ የኮንዶሚኒየሙም ዕዳ በየወሩ ይከፈላል። ማታ ጋደም ሲሉ ግን «በቃ፣ ይኸው ነው?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳዎታል። አብሮዎት የተማረው ሕንጻ አቁሟል፤ ሌላው አሜሪካ ገብቶ ቤት ገዝቷል፤ እርስዎ ብቻ ባሉበት የቀሩ ይመስልዎታል።

አይዞዎት! ይህ ስሜት የብዙዎች ነው። ዴቪድ ብላንችፍላወርና አንድሩ ኦስዋልድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ የሰው የሕይወት እርካታ ከወጣትነት ጀምሮ እየቀነሰ መጥቶ በአርባዎቹ ውስጥ ታች እንደሚደርስ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሽቅብ እንደሚመለስ በብዙ አገሮች ታዝበዋል። ክርክር ቢነሳበትም እኔ በበጎ ነው የምወስደው፤ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ዳገት ሳይሆን ሜዳ ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ይለውጡ፤ ሒሳቡን ከማን ጋር እንደሚያወራርዱ። የጎረቤትን መኪናና የፌስቡክ ፎቶውን ይተዉና አባትና እናትዎ በእርስዎ ዕድሜ የነበሩበትን ቦታ ያስታውሱ።

አንዲት የማውቃት የባንክ ሠራተኛ አለች። የሥራ አስኪያጅነቱ ዕድል ስላመለጣት «ሕይወቴ ቆሟል» ባይ ነበረች። አንድ ቀን እናቷ ገንዘብ ሊያወጡ እሷ ካለችበት መስኮት ፊት ቀረቡ። የጣት አሻራ ቀለሙ ተገፋላቸው፤ አልነኩትም። እስክሪብቶውን ጨብጠው ስማቸውን ፊደል በፊደል፣ ከመስመሩ ወጣ ገባ እያሉ ጻፉ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ እሳቸው እንደሆነ ደንታም አልሰጣቸው። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀን ሥራ ውለው ማታ በኩራዝ ነው። ልጅቱ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከእናቷ ስም ዝቅ ብላ፣ የራሷን ፊርማ በአንድ ጊዜ ጫረችው። «ምን ያህል እንደመጣሁ ያየሁት ያኔ ነው» አለችኝ። ሹመቱ አሁንም አልመጣም። እሷ ግን ማስተርሷን ጀምራለች፤ ፊቷም ፈክቷል።

ወላጅን በልጦ መገኘት ደግሞ እንዲሁ የሚገኝ አይምሰልዎት። ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳሳዩት፣ በ1940 ከተወለዱት አሜሪካውያን 90 በመቶ ያህሉ በ30 ዓመታቸው ወላጆቻቸው በዚያው ዕድሜ ከነበራቸው የበለጠ ገቢ ነበራቸው። በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን እዚያ የደረሰው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። በሀብታም አገር እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ እርስዎ ይኩሩ!

ሽቅብ መውጣት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ይህን አልደብቅዎትም። ከቦታ ቦታ እየዞረ ቤተ ክርስቲያን ሲያድስ የኖረ የሩሲያ የእጅ ባለሙያ ልጅ የሆነው፣ ኋላ ሃርቫርድ ውስጥ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍልን የመሠረተው ፒቲሪም ሶሮኪን፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ከመደቡ የወጣ ሰው ከሁለቱም ወገን ባይተዋር ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ነገሩን እናውቀዋለን። አገር ቤት ሲገቡ «የከተማ ሰው መጣ» ይባላሉ፤ ቢሮ ደግሞ አነጋገርዎ እንዳይታወቅብዎ ይጠነቀቃሉ፤ የዘመድ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልብዎ ድንግጥ ይላል። ደግነቱ፣ ከሶሮኪን በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ባይተዋርነቱ የግድ አይደለም ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የተጀመረውና ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የተወሰዱ 456 ልጆችን ጭምር የተከታተለው የሃርቫርድ ጥናት፣ በ80 ዓመት ማን በጤና እንደሚገኝ ለመገመት በ50 ዓመቱ ከነበረው የኮሌስትሮል መጠን ይልቅ በቅርብ ግንኙነቶቹ ያለው እርካታ እንደሚሻል አሳይቷል። ስለዚህ ዕድሩን አይተዉ፤ ለቅሶ ይድረሱ። ለዘመድ የሚሰጡትን ገንዘብ ደግሞ በወር ወስነው በግልጽ ይናገሩ፤ ስልክ ከመሸሽ ይሻላል።

«እኔ እንኳን ልበልጥ ከወላጆቼ በታች ወርጃለሁ» የሚሉ ካሉ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ታክሲ የሚነዳውን አባት ያስቡ። እሱ አንድ ደረጃ የወረደው ልጁ ሁለት እንድትወጣ ነው፤ ለሌሊት ፈረቃ ሲወጣም ይህን ያውቃል።

ወላጆችዎ በሕይወት ካሉ በዚህ እሑድ ይደውሉ። «ደህና ናችሁ?» ብለው አይዝጉ። መጀመሪያ ጫማ ያደረጉት መቼ እንደነበር፣ ለእርስዎ የመጀመሪያ ደብተር ምን እንደሸጡ ይጠይቁ፤ ስልክዎም ይቅዳው። መልሱ ረጅም ስለሚሆን አስቀድመው ካርድ ይሙሉ።