ቱርቦ ላላት መኪና ጋዝ ለሚመኝ ልጄ

ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ መኪናህ ላይ ናይትረስ ልትገጥም ማሰብህን ሰማሁ። “ተው” ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ተው የተባለ ወጣት ጋራዡን ዘግቶ እንደሚገጥም እኔም አንተም እናውቃለን። ስለዚህ ሥራውን እንደ ሥራ ልንገርህ። ቅደም ተከተሉን ብቻ አታዛባብኝ፤ ቁጥር የሰጠሁት ለዚያ ነው።

1. የቆምህበትን ከፍታ አስላ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተኛው። እዚህ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌላት መኪና ያንኑ ያህል ጉልበት ተነሥታ ነው እኛ ከተማ የምትኖረው። ያንተዋ ግን ኮምፒውተር አላት፤ ፋብሪካው ያዘዘላትን ግፊት ለመሙላት ቱርቦውን የበለጠ ታሽከረክረዋለች። ለምሳሌ ከዜሮ ተቆጥሮ 1.8 ባር ታዝዞላት ከሆነ፣ ጅቡቲ ላይ አየሩን 1.8 እጥፍ መጭመቅ ይበቃታል። እዚህ የምትነሣው ከ0.8 ባር ገደማ ስለሆነ 2.2 እጥፍ ያህል መጭመቅ አለባት። አየር በተጨመቀ ቁጥር ይግላል። ስለዚህ ያንተ ቱርቦ ገና ጋዝ ሳይጨመርበት ትርፍ ሰዓት እየሠራ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ከፈረንጅ አገር መኪና የተቀዳ ልክ እዚህ የሚገጥሙ ሰዎች ይገርሙኛል።

ደግሞም ቱርቦም ናይትረስም ዝና ያገኙት በዚሁ በከፍታ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተሩን ይዞ 4,300 ሜትር ከፍታ ያለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ የወጣው ቱርቦው ስስ አየር ላይ ምን እንደሚሠራ ለመፈተን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ጂኤም-1 ብለው ናይትረስ በተዋጊ አውሮፕላኖቻቸው ላይ የገጠሙትም አየር በጣም በሳሳበት ከፍታ ላይ ሞተሩ እንዳይደክምባቸው ነበር። ፊልም ላይ ያየኸው ሰማያዊ ጠርሙስ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

2. የጠፋብህን ጉልበት ሳትመልስ አዲስ አትጨምር። “መኪናዬ ደከመች” ብሎ ከሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የምናገኘው አንድ የተሰነጠቀ የቱርቦ ቱቦ፣ በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ወይም ያረጀ ካንዴላ ነው። የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን አስለካ፤ አንዱ ከሌሎቹ ካነሰ ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል፤ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ጋዝ አይታሰብም። የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ነቅንቀው፤ ዘይት እየተፋ ከሆነ እሱን አስተካክል። ቱቦዎቹን በአየር ነፍተህ የሚያፏጨውን ፈልግ። ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየቶች እርዳታ ከተከፈተ ጀምሮ ባሕር ዳር የሚለካ ሰው አጥታ አታውቅም፤ ያጣችው የሚያስለካ ነው።

ይህን ጨርሰህ መኪናዋን አንድ ሁለት ሳምንት ንዳት። ግማሾቻችሁ ከዚህ በኋላ ጋዙን ትረሱታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ካልረሳህ ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስብ። የያዝሃትን ብታቃጥላት ምትኳን በቀላሉ አታገኝም።

3. ጋዙ ራሱ አይነድም። ናይትረስ ኦክሳይድ ሲሊንደር ውስጥ በሙቀት ይፈርስና ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይሆናል። ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ግን 23 በመቶ ብቻ ነው ያለው። ፈሳሹ ሲለቀቅ ደግሞ ከዜሮ በታች 88 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ የሚገባውን አየር በኃይል ያበርደዋል፤ ለጋለ የቱርቦ አየር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አልክድም። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ጎሚስታ ቤት ጎማ ላይ የሚሞላው ናይትሮጅን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ምንም አያቃጥልም።

4. ሞተር የሚያቀልጠው አብሮ ያልመጣው ቤንዚን ነው። ይህን ከያዝህ ሌላውን ብትረሳ እታገስሃለሁ። በተለመደው አየር 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በናይትረስ ከሆነ 9.6 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ገልብጠህ አስላው፦ ለምትለቀው ለእያንዳንዱ ኪሎ ጋዝ ቢያንስ 100 ግራም ተጨማሪ ቤንዚን መድረስ አለበት፤ ባለሙያ ደግሞ ለማብረድ ሲል ከዚያም ያበዛዋል። ካልደረሰ ሙቀቱ ይንርና ሞተሩ መምታት ይጀምራል፤ ከዚያ የፒስተኑ አናት ይበሳል፣ ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ነው፤ እግርህን ከፔዳሉ እስክታነሣ አይጠብቅህም።

አገጣጠሙ ሁለት ዓይነት ነው። ደረቅ የሚባለው ጋዙን ብቻ ይለቅና ቤንዚኑን በመኪናዋ ኢንጄክተሮች ላይ ይጥለዋል። እርጥቡ ጋዝና ቤንዚን በአንድ አፍንጫ አብሮ ይረጫል። የቱርቦ መኪና ኢንጄክተሮች በሙሉ ግፊት ላይ ድሮም ጫፍ ስለሚደርሱ፣ ኮምፒውተሩን በትክክል የሚያስተካክልልህ ሰው ከሌለህ እርጥቡ ይሻልሃል። እርጥቡም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሻጮች ይህን አይነግሩህም። ጋዙ ከጠርሙሱ የሚወጣው ከ60 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ ቱርቦህ 1 ባር ቢነፋበት ግድ የለውም። ቤንዚኑ ግን በ3 ባር ገደማ ነው የሚመጣው፤ ቱርቦው 1 ባር ሲገፋበት የቀረው 2 ባር ነው፣ የሚረጨውም መጠን በአንድ አምስተኛ ገደማ ይወርዳል። ጋዙ እንዳለ ሆኖ ቤንዚኑ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ያውም ብዙ በምትፈልግበት ሰዓት። ስለዚህ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ከቱርቦው ግፊት ጋር አብሮ የሚጨምር መሆኑን አረጋግጥ። የቤንዚን ግፊት ሲወርድ ጋዙን ራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ግጠም። ፖምፓውንም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ሳለ በጌጅ አስለካ፤ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ የተለካ ግፊት ምንም አይነግርህም።

እንግዲህ የቤንዚኑ ጥራት። ሰልፉ ሲረዝም መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ታውቀዋለህ፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን በቀላሉ ይመታል። የጀሪካን ቤንዚን በቀዳህበት ሳምንት የጋዙን ጠርሙስ ዝጋው፤ ጨርሰህ ዝጋው።

5. የብየዳ ኦክስጅን አይሞከርም። “ያው ኦክስጅን አይደል?” የሚል ልጅ ብየዳ ቤት በር ላይ አይጠፋም። ንጹሕ ኦክስጅን የሚያበርድ ፈሳሽም፣ እሳቱን የሚያለዝብ ናይትሮጅንም የለውም። ዘይት ወይም ግራሶ ካገኘ ያለ ካንዴላ ይቀጣጠላል። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

6. ትንሽ ጀምር፣ በሰዓቱ ልቀቅ። የፋብሪካ ፒስተንና ቢዬላ ላላት ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ከ25 እስከ 35 የፈረስ ጉልበት የሚጨምር ጄት (የጋዙን መጠን የሚወስነው ቀዳዳ) ለመነሻ በቂ ነው። ቁጥሩ ያንስብሃል፤ ግን ጋዙ ጭሱን ስለሚያበዛው ቱርቦው ራሱ ቶሎ ይነሣል፣ የምትሰማው ጉልበት ጄቱ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ብዙ ባለሙያዎች ናይትረስን በቱርቦ መኪና ላይ የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው፦ ቱርቦው እስኪነቃ ይለቁታል፣ ግፊቱ ሲሞላ ይቆርጡታል።

ከ3,000 ዙር በታች አትልቀቅ። በዝቅተኛ ዙር በትልቅ ማርሽ ላይ ጋዝ መልቀቅ ቢዬላ ያጣምማል፤ ያልነደደው ድብልቅም መግቢያው ውስጥ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። ከላይም ገደብ አብጅ፦ ብዙ መኪኖች ዙር ሲያልፍባቸው ቤንዚን ይቆርጣሉ፤ ጋዙ ሳይቆረጥ ቤንዚኑ ከተቆረጠ በአራተኛው ቁጥር የነገርሁህ ይደርሳል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ካልተረገጠ እንዳይከፈት የሚያደርግ ማብሪያ፣ ከታችና ከላይ ዙሩን የሚጠብቅ ሳጥን፣ ዋና ማጥፊያ በእጅህ አጠገብ። ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ ጥቂት ዲግሪ አዘግይ፤ ካንዴላዎቹንም በአንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆኑ ለውጥ፣ ክፍተታቸውንም ጠበብ አድርገው። የነዳጅና የአየር መጠን የሚያሳይ ዋይድባንድ ጌጅ ከሌለህ ዓይንህን ጨፍነህ እንደመንዳት ነው።

7. ከባሕር ዳር ወጥተህ ስትወርድ ልኩ ይቀየራል። እዚህ የተስተካከለች መኪና ወደ መተማ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በታች ትገባለች፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበረታል። የትርፍ ጭስ በሯ በቀላል ስፕሪንግ ብቻ የሚሠራ አሮጌ ቱርቦ ከሆነች፣ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው አየር እዚህ ከለመድኸው ይበዛል። እንደገና ሳታስለካ ቆላ ላይ ጋዝ አትልቀቅ። ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቱርቦው ይደክማል፣ አንተም ጋዝ ትመኛለህ። ታገስና ማርሽ ቀንስ።

8. ጠርሙሱን ፍራው። ፈሳሹ 36 ዲግሪ ሲያልፍ ፈሳሽነቱን ያጣና ግፊቱ ይሮጣል። ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ውስጡ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ስለዚህ መኪናዋን ስታቆም ጠርሙሱን አውጥተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ሲሠራ ከ27 እስከ 32 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። በከሰል ወይም በእሳት የሚያሞቅ ሰው ካየህ ከግቢው ውጣ። የደኅንነት ክዳኑ ሲፈነዳ ጋዙ ወደ ውጭ እንዲሄድ ቱቦ አውጣለት፤ መኪና ውስጥ ከተለቀቀ አየሩን ገፍቶ ያፍንሃል። በብረት ማሰሪያ ይታሰር፣ ከተጻፈበት ክብደት በላይ አይሞላ። ሲሊንደሩ የተመረመረበት ቀን የማይታይ፣ ምንጩ የማይታወቅ ጠርሙስ አትግዛ። ከሐኪም ቤት “የተገኘ” ጋዝም በቤትህ አይታይ፤ ለበሽተኛ የተዘጋጀ ነው።

መሳቡንስ? የሚያስቅ ጋዝ ነው እያሉ የሚስቡ አሉ። ትንፋሽ ያሳጣል፣ ከንፈርና ጉሮሮ በብርድ ያቃጥላል፣ ሲደጋገም የሰውነትን ቫይታሚን ቢ12 ያበላሽና እግር ያደነዝዛል።

9. ሃይሉክስ ወይም አባዱላ ላለው ጓደኛህ። ዲዝል ጥቁር ጭስ የሚተፋው የሚያቃጥልበት አየር ስላነሰው ነው፤ ጋዝ ያንን ጭስ ወደ ጉልበት ይለውጣል፣ እውነት ነው። ግን እዚህ አገር ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ዲዝል የሚያስፈልገው ፖምፓ ቤት ነው። እዚያ ይሂድ።

10. አስፋልቱ ያንተ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ሰፊ ነው፤ ማታ ማታ እግር እንደሚያሳክካችሁ አውቃለሁ። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትሄድ በ14 ሰከንድ ገደማ ያልቃል፤ ከዚያ ማዶ ባጃጅ ይጠብቅሃል፣ መስታወት ሳያይ የሚታጠፍ። ብስክሌት አለ፣ ንጋት ላይ ኪዳን ለማድረስ ነጠላ ለብሰው የሚሻገሩ እናቶች አሉ። ጋዝ የሚለቀቀው ሰው በሌለበት፣ በተዘጋና በተፈቀደ ስፍራ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ ካላገኘህ ጠርሙሱ መጋዘን ይቀመጥ። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ከመሄድህም በፊት ስለ ተጨማሪው መሣሪያ ጠይቅ፤ ኢንሹራንስህንም እንዲሁ።

11. ከለቀቅህ በኋላ ካንዴላውን አንብብ። አንዴ ሞክረህ ወዲያው ሞተሩን አጥፋ፤ ዝም ብለህ ወደ ቤት አትንዳ። አራቱንም ካንዴላ ፍታ፣ በአጉሊ መነጽር ተመልከታቸው። ሸክላው ነጭ ሆኖ ካገኘኸው ቤንዚን አንሶታል፤ የጋዙን ጄት አሳንስ። አንዱ ብቻ ከተለየ የዚያ ሲሊንደር ኢንጄክተር ተጠርጣሪ ነው። ሸክላው ላይ እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የተበተኑ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየህ ሞተሩ መትቷል፤ የሚያብረቀርቁ ከሆኑ ደግሞ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንደገና አታስነሣት፤ አስጎትተህ አምጣትና ቴስታታውን አብረን እናውርደው።