በሽታ፣ በሬና የጤና መድን

ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው በወረራው ዘመን ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። ደመወዝተኛ ቢታመም ደመወዙ ቶሎ አይቆምም። ገበሬ ግን ሲታመም ሥራውም ገቢውም አብረውት ይተኛሉ። ዛሬ በቂርቆስና በካዛንቺስ ግንባታ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከሚውሉት የገጠር ልጆች መካከል ከቤት ያስወጣቸው የወላጅ ሕመም የሆነ አሉ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። አንድ ገበሬ ሐምሌ ላይ ታመመ እንበል። ሐምሌ ሥራ የሚበዛበት፣ ጎተራም የሚጎድልበት ወር ነው። የሕክምናው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ወይ በአራጣ ይበደራል፣ ወይ በሬውን ይሸጣል፣ ወይ ልጁን ከትምህርት አስወጥቶ ለቀን ሥራ ይልካል። በሬ የሚያርሰው ደግሞ ተጠምዶ ነው፤ አንዱ ከተሸጠ የቀረው ብቻውን ምን ያደርጋል? ስለዚህ መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ይሰጥና የምርቱን ግማሽ ያጣል። በሽታው በአሥር ቀን ቢለቅም ጣጣው ዓመቱን ሙሉ ይከርማል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው የደቡብ ክልል፣ በ13 ወረዳዎች መሞከር ጀመረ። ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ኋላም ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ወደ አዲስ አበባ ተስፋፋ። አሠራሩ ዕድርን ይመስላል፦ ሁሉም ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። መዋጮው ብዙውን ጊዜ የሚሰበሰበው እህል ከገባ በኋላ ነው፤ ገበሬ እጁ ላይ ብር የሚገኘው ያኔ ነዋ! የሚመዘገበውም ቤተሰቡ በሙሉ ነው። የታመመ ብቻ ቢገባ ሣጥኑ ወዲያው ባዶ ይሆናል። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

በሙከራው ወረዳዎች የተደረገ ጥናት መድን የገቡ ቤተሰቦች መበደራቸው መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕዳ ያልያዘው ሰው ልጁ ይማር ወይስ ከተማ ይሂድ የሚለውን በሕመም ተገዶ ሳይሆን በራሱ ጊዜ ይመክርበታል።

መድን ግን ሁሉን አይሸፍንም። ጤና ጣቢያው መድኃኒት አጥቶ «ከውጭ ግዙ» ካለ ወጪው ተመልሶ ገበሬው ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው «ምን ጠቀመኝ?» ብሎ የሚቀረው በዚህ ነው፤ እኛም አንፈርድበትም። የባከነውን የሥራ ቀንም መድን አይከፍልም። ካርዱ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል እንጂ ማሳ አያርምም፤ ለዚያ ደቦና ወንፈል ያስፈልጋል።

ከእናንተ መካከል አገር ቤት ወላጅ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሲታመሙ የምትልኩትን ገንዘብና የዓመቱን መዋጮ አስተያዩት። የትኛው ይከብዳል? በቡድን ተወያዩበት።