የዶክተር ኬድ ጨውና የረመዳን ጥያቄ

የረመዳን ወር ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ጅዳ በሥራ ላይ ሳለ አእምሮውን ታሞ ሐኪም ሊቲየም የሚባል መድኃኒት አዞለት ነበር፤ አገሩ ከገባ በኋላም አላቋረጠውም። «አሁንማ አል-ሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ለጾሙ ስል መድኃኒቱን ብተወውስ?» አለኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ስለዚሁ መድኃኒት አጀማመር አንብቤ ስለነበር ያነበብኩትን ነገርኩት። ለእርሱ ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ጆን ኬድ አውስትራሊያዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲንጋፖር ላይ በጃፓኖች ተማርኮ ከሦስት ዓመት በላይ በቻንጊ ታሰረ። አገሩ ሲመለስ ሜልበርን አጠገብ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ቤት ይዞ ምርምር ጀመረ። ለመሆኑ ምን ፈለገ? እንቅልፍ አጥቶ፣ ወሬው ሳይቋረጥ፣ ያለውን ሁሉ እየበተነ ቀንና ሌት የሚንቀዠቀዥ በሽተኛ ደሙ ውስጥ አንድ የበዛ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ጠረጠረ። የእንቅርት ዕጢ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲበዛም ሲያንስም ሰውን ያሳምማልና ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም።

የበሽተኞቹን ሽንት ወስዶ ጊኒ ፒግ የሚባሉትን ትንንሽ እንስሳት ወጋ። ቀጥሎ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ለብቻው ሊፈትን ሲል በውኃ አልሟሟ አለው፤ በቀላሉ የሚሟሟውን የሊቲየም ውህድ መረጠ። እንስሳቱ በጀርባቸው ሲያጋድማቸው ለመገልበጥ እንኳ ሳይታገሉ ዝም ብለው ተኙ። ዩሪክ አሲድ የሌለበትን ሊቲየም ካርቦኔት ሲሰጣቸውም እንደዚያው ሆኑ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንስሳቱ የተመረዙ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ፤ መነሻ ግምቱም ትክክል አልነበረም። የተሳሳተ መንገድ ወደ ትክክለኛ በር የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ኬድ መድኃኒቱን በመጀመሪያ ራሱ ላይ ሞከረው።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በማርች 1948 ለአምስት ዓመት ያህል በዚህ ሕመም ተይዞ ለኖረ የ51 ዓመት ሰው ሰጠው። ሰውየው በሳምንታት ውስጥ ረጋ፤ በጁላይ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ኬድ በ1949 ባሳተመው ጽሑፉ እንዲህ የታመሙ አሥር ሰዎች እንደተሻላቸው ገለጸ።

የአጎቴን ልጅ ያስቆመው ግን የሚቀጥለው ነው። ያ ሰው ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ተወ። በጃንዋሪ 1949 እንደ ቀድሞው ሆኖ ወደ ሆስፒታል ተመለሰ። መድኃኒቱ እንደገና ተሰጠው፤ በ1950 ግን ያው ያዳነው ሊቲየም መርዞት ሞተ። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን መጠን የመለካት ልማድ አልነበረም። በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሊቲየም በገበታ ጨው ፈንታ እየተሸጠ ሰው ስለገደለ በ1949 ታግዶ ነበር። ዴንማርካዊው ሞገንስ ሹ በ1954 ከባልደረቦቹ ጋር በጥንቃቄ በተዘጋጀ ሙከራ ጥቅሙን ባያሳይ ኖሮ ተረስቶ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። አሜሪካ የፈቀደችው በ1970 ነው።

ሊቲየም በነርቭ ሴሎች ውስጥ መልእክት የሚያቀባብሉ ኤንዛይሞችን እንደሚነካ ታውቋል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ጨው ለማስቀረት ሲሞክር ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል። እንግዲህ በሙቀት ቀን ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ማስታወክ ወይም ተቅማጥ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጡን፣ መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እጅ በኃይል መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህ ሲታዩ ወደ ሐኪም መሮጥ እንጂ ማግሪብን መጠበቅ አይገባም።

በየሰፈራችን እንዲህ ያለውን በሽተኛ ጂን ይዞታል ብሎ በገመድ የሚያስር አለ። ዱዓውና ሩቅያው ይቀጥል፤ መድኃኒቱን የሚከለክል ምን አለ? ስኳር በሽታ ያለበትን ሰው መርፌህን ተው የሚለው የለም።

የአጎቴ ልጅ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሻዕባን ሳያልቅ ወደ ሐኪሙ ሄደ። ሐኪሙ ደሙንና ኩላሊቱን አስመርምሮ በዚያ ዓመት እንዳይጾም መከረው። የመስጊዳችንን ሸይኽ ጠየቀ፤ እርሳቸውም በሽተኛ መሆኑን አስረድተው ፊድያ እንዲያወጣ ነገሩት። መጀመሪያ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ተጨንቆ ነበር። ማታ ማታ ግን ኢፍጣር ላይ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር፤ ቀን ውኃ ጠጥተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።