የባሌ ተራራ መንገደኛና ስንቁ

ስንቅ ማለት መንገደኛ ከቤቱ ይዞት የሚወጣ ምግብ ነው። በሜዳ አገር ስንቅ ቢጎድል ከመንደር ወደ መንደር እየገቡ ማሟላት ይቻላል፤ በተራራ ላይ ግን የማይስማማ ስንቅ የያዘ ሰው ወይ ይራባል፥ ወይም ምግቡን ለማብሰል ሲል የተራራውን ዛፍ ይማግዳል። ስለዚህ የስንቅ ነገር የሆድ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ጉዳይ ነው። ባለፈው ጥር በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ከአምስት ጓደኞቼ ጋራ በባሌ ደጋ በእግር ተጕዤ ነበርና፥ በዚያ ያየሁትን በክፍል ከተማርነው የፊዚክስና የባዮሎጂ ትምህርት ጋራ እያገናዘብሁ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አቀርባለሁ።

በተራራ ላይ እየተጓዙ የየስፍራውን ምግብ እየቀመሱ ዕረፍትን ማሳለፍ በፈረንሳይ አገር የታወቀ ልማድ ነው። በአልፕ ተራሮች ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ድረስ የመንገዱ በረዶ ስለሚቀልጥ መንገደኛው የሚወጣው በዚያ ጊዜ ነው። በእኛ በኩል ወቅቱ ተቃራኒ ነው፤ የእነርሱ በጋ ለባሌ ዝናብና ጭቃ ሲሆን፥ ለእግረኛ የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ቀኑ ፀሓይ ነው፤ ሌሊቱ ግን በከፍታው ላይ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል።

ሳቭዋ በተባለው የፈረንሳይ ተራራማ ክፍል እረኞች በበጋ ላሞቻቸውን ወደ ከፍተኛው መስክ አውጥተው ያሰማራሉ። በዚያ የታለበውን ወተት በየቀኑ ወደ ቆላ ማውረድ አስቸጋሪ ስለ ነበረ አይብ ያደርጉታል። ለ1 ኪሎ አይብ 10 ሊትር ያህል ወተት ይገባበታል። ቦፎር የተባለው ዝነኛ አይብ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። እንግዲህ የተራራ ሰው ምግብ ሁልጊዜ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ይኸውም «ከባዱን እንዴት ላቅልለው፥ የሚበላሸውንስ እንዴት ላቆየው?» የሚል ነው። የባሌ ሰው ይህንኑ ጥያቄ በገብስና በቅቤ መልሶታል።

ስለ ከፍታው ጥቂት ልግለጽ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,490 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ትገኛለች። ከእርስዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋውን የሳነቲን አምባ አቋርጦ፥ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን ይወርድና ወደ ደሎ መና ቆላ ይዘልቃል። በአምባው ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን ትርጓሜው በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንግባ። ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ በውኃው ላይ የሚያርፈው ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ሳይግል ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል ብሎ ማስላት ይበቃል። እኛም ቴርሞሜትርና ትንሽ የቡታ ጋዝ ምድጃ ይዘን ስለ ነበር ፈተንነው። በሮቤ 92፥ በዲንሾ 90፥ በሳነቲ ላይ 87 ዲግሪ ያህል አገኘን። እሳቱን ብናበረታውም ቴርሞሜትሩ ከዚያ አላለፈም፤ ምክንያቱም የፈላ ውኃ የተጨመረለትን ሙቀት እንፋሎት ለመሆን ያውለዋል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም።

ይህ ለምግብ ምን ያደርጋል? በሮቤ በ30 ደቂቃ የበሰለው ዓይነት ድንች በሳነቲ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ክክና ምስር የያዘ መንገደኛ ከዚህም የበለጠ ይጠብቃል። በከፍታው ላይ የሚበቅለው እንጨት ደግሞ አስታ ነው፤ እርሱም የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው። እንግዲህ አንድ ድስት ሽሮና ክክ ለማብሰል የሚነደው እሳት ብዙ ዓመት የቈየውን ዛፍ በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል።

ፈረሶቻቸውን ያከራዩን የዲንሾ አዛውንት የጫንነውን ማካሮኒና ድስት አይተው ፈገግ አሉና፥ ድስት ለቤት፥ ስልቻ ለመንገድ መሆኑን ነገሩን። የእርሳቸው ስንቅ ከኮርቻቸው ኋላ የታሰረች ትንሽ ስልቻ ብቻ ነበረች፤ በውስጧም ቆሎ፥ በሶና ጩኮ ነበር። ነገሩን በኋላ ሳስበው በሦስቱም ውስጥ ያለው ጥበብ አንድ ሆኖ አገኘሁት። ገብሱ በምጣድ ላይ ሲቈላ የሚያገኘው ሙቀት ከፈላ ውኃ እጅግ የበለጠ ነው፤ የምጣድ ሙቀት እንደ ድስት ውኃ በከፍታ ምክንያት አይወሰንምና። እርጥበቱም ስለሚወጣለት ሳይሻግት ብዙ ጊዜ ይቈያል፤ ክብደቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የማብሰሉ ሥራ በቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ አልቋል፤ በመንገድ ላይ እሳት አያስፈልግም። በሶ ቢሆን ቀዝቃዛ ውኃና ትንሽ ጨው፥ ቢገኝም በርበሬ ይበቃዋል።

ጩኮ የሚባለው ደግሞ የተቈላ የገብስ ዱቄት በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ የታሸ የኦሮሞ ምግብ ነው። በባዮሎጂ ክፍል እንደ ተማርነው 1 ግራም ስታርች 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኀይል ሲሰጥ 1 ግራም ስብ 9 ይሰጣል። በብርድ አገር ቀኑን ሙሉ ዳገት ለሚወጣ ሰው ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ጩኮ ከአንድ ሳሕን ማካሮኒ ይልቅ የሚያጠግበው ስለዚህ ነው።

ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። ከስድስታችን ሦስቱ ክርስቲያኖች፥ ሦስቱ እስላሞች ነበርን። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በዓርብ ቀን ደግሞ እኛ ቅቤ ያለበትን ጩኮ አንነካም። ቆሎና በሶ ግን ማንንም አላገዱም። ሁላችንም ከአንድ ስልቻ ዘገንን። የደጋ ሰዎች ይህን ምግብ የመረጡት በሙቀትና በክብደት ምክንያት ቢሆንም፥ ተለያይቶ የሚበላውን ሰው አንድ ላይ የማስቀመጥ ጥቅምም አለው።

ይህ ጥበብ እንዴት ያለ ረዥም ታሪክ እንዳለው ደግሞ የወይብ ሸለቆ ይመሰክራል። ፊንጫ ሐበራ በተባለው፥ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የድንጋይ ጥላ ውስጥ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ይኖሩ እንደ ነበር ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. አስታውቀዋል። በዚያ ዘመን ከበላዩ ያለው አምባ በከፊል በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር፤ ውኃም የሚያገኙት ከዚያ ግግር መቅለጥ ነበር። ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ባልጩት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። ምግባቸውስ? በብዛት የተገኘው በእሳት የተጠበሰ የግዙፉ ፍልፈል አጥንት ነው። ይህ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። እነርሱም በፍም ላይ ጠበሱት፤ ፍምም እንደ ምጣዱ በከፍታ አይሸነፍም።

ዛሬ ፍልፈሉን የሚበላው ሰው ሳይሆን ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ ቢቈጠር 500 አይሞላም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ያሉት በባሌ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወይብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ጨርሷል። በሽታውን የሚያመጣባቸው የቤት ውሻ ነው፤ ውሻ ደግሞ የሰውን ትራፊ ይከተላል። እንግዲህ በሰፈረበት ቦታ የተረፈ ማካሮኒና አጥንት በትኖ የሚሄድ መንገደኛ ሳያስበው ውሻን ወደ ቀበሮው ይጠራል። ከቆሎ ግን የሚበተን ትራፊ የለም።

በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ክብሩ ለእኛም ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ተራራ የሚነሡት ወንዞች እስከ ሶማሊያ ድረስ በሚሊዮን ለሚቈጠር ሕዝብ ውኃ ስለሚሆኑ፥ አስታው ሲማገድና መስኩ ሲራቈት የሚጎዳው ባሌ ብቻ አይደለም።

አንድ ሰው ገብስ መብላት ተራራውን አያድንም፤ እንዲያውም የገብስ ማሳው እየሰፋ ወደ ላይ መውጣቱ አንዱ ችግር ነው ቢለኝ፥ እውነት ነው እለዋለሁ። ገበሬው ማሳውን ወደ ላይ የሚያሰፋው ግን ያለው መሬት ስላልበቃው ነው። አንድ ቁና ጥሬ ገብስ በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ጥቂት ነው፤ ያው ገብስ ተሸክሽኮ፥ ተቈልቶና ተፈጭቶ ለመንገደኛ ሲሸጥ ግን ዋጋው ይጨምራል፤ ማሳው አንድ ክንድ እንኳ ሳይሰፋ ማለት ነው። በሪራና በሐረና ያለው ማርም እንዲሁ ነው፤ ቀፎው የሚሰቀለው በዛፍ ላይ፥ ንቡ የሚቀስመውም ከደኑ አበባ ስለ ሆነ፥ ማሩን የሚሸጥ ሰው ዛፉ ቆሞ መኖሩን ይፈልጋል። ከደኑ ጥላ ሥር ስለሚለቀመው የጫካ ቡናም የምለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በመጪው ዕረፍት ወደ ተራራው ለምትወጡ ጓደኞቼ የምመክረው ይህ ነው። አንደኛ፥ የሚቀቀለውን ሁሉ በቤታችሁ ተዉት። ሁለተኛ፥ ስንቃችሁን ከከተማ ሱቅ ሳይሆን ከዲንሾ፥ ከጎባና ከሪራ ቤቶች ግዙ። ሦስተኛ፥ ትራፊያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ወላጆቻችንም ልጆቻቸው ገብስ መቁላትን እንደ ድሮ ሰው ሥራ ብቻ እንዳያዩት ቢያስተምሩልን መልካም ነው፤ መጽሐፍ ያስተማረን የግፊትና የሙቀት ሕግ እናቶቻችን በምጣዳቸው ላይ ሲሠሩበት ኖረዋልና።