የናፍጣ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል

ደብረ ብርሃን ደገኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሜዳው አመዳይ ለብሶ ያድራል። ያ ገብሱንና ባቄላውን የሚመታው ብርድ መኪናንም ይይዛል።

ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሪኖው ያጉረመርማል። ሞተሩ ግን አይነሳም። ያን ጊዜ ለገበያ የተጫነው እህል ይቆያል። ማዳበሪያ ሊያመጣ የነበረው መኪና ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምጥ የያዛት እናት ሐኪም ቤት የምትደርስበት መኪና ሲቆም ነው። ስለዚህ የሞተርን ነገር ለመካኒክ ብቻ ትተን መቀመጥ የለብንም። መኪናው የኅብረት ሥራ ማኅበራችን ቢሆን፣ የጎረቤት ቢሆን፣ ጥቂት ማወቅ ይጠቅመናል። የወፍጮ ቤት የናፍጣ ሞተርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ናፍጣ እንዴት ይቀጣጠላል?

የናፍጣን ሞተር የሠራው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል የጀርመን መሐንዲስ ነው። ሞተሩ በሚገባ ሠርቶ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ነው። የቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ ይቀጣጠላል። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ታዲያ እሳቱ ከየት ይመጣል?

የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ጥቂት ሲነፋ ፓምፑ ይሞቃል። አየር ሲታመቅ ይግላልና ነው። በናፍጣ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ያምቀዋል። አየሩም ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚህ በጋለ አየር ላይ ናፍጣ እንደ ጉም ደቅቆ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል።

እንግዲህ ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ያስፈልጋል ማለት ነው። እነሱም በቂ አየር፣ በቂ ሙቀትና ንጹሕ ናፍጣ ናቸው። በደጋ አገር ሁለቱ ይጎድላሉ። የደብረ ብርሃን አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ብርዱ ደግሞ ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ የባትሪውን ጉልበት ይቀንሰዋል። ስለዚህ ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ጉድለት ደጋ ላይ መኪና ያቆማል።

የናፍጣ መንገድ እንደ መስኖ ቦይ ነው

ማሳው ውኃ ሲያጣ ምን እናደርጋለን? ማሳውን አንቆፍርም። ከምንጩ ተነስተን ቦዩን እየተከተልን የተደፈነበትን ወይም የተሸነቆረበትን እንፈልጋለን። የናፍጣ መንገድም እንዲሁ ነው። ናፍጣ ከሰልባትዮው ይነሳል። በቱቦ ሄዶ በፊልትሮ ይጣራል። ከዚያ ፖምፓው በኃይል ይገፋዋል። በመጨረሻም በኢንጄክተሩ ቀጭን ቀዳዳ ሞተሩ ውስጥ ይረጫል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ፍለጋውን ከሥሩ መጀመር ነው።

በመጀመሪያ ጭሱን ተመልከቱ

ሞተሪኖው ሲዞር አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የጭስ ማውጫውን ይይ። ጭሱ ብዙ ነገር ይናገራል።

1. ምንም ጭስ ከሌለ፣ ናፍጣ ሞተሩ ውስጥ አልገባም። ናፍጣው አልቋል፣ ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም ቱቦው አየር ስቧል፣ ወይም ናፍጣውን የሚዘጋው መቆጣጠሪያ እንደ ተዘጋ ነው።

2. ነጭ ጭስ ከወጣ፣ ናፍጣው ገብቷል፤ ነገር ግን አልተቀጣጠለም። ብርዱ በርትቶ ይሆናል፤ ካንዴሌታው አልሠራ ይሆናል፤ ናፍጣው ውኃ አለበት ይሆናል፤ ወይም ሞተሩ አርጅቶ አየሩን በደንብ አያምቅም።

3. ጥቁር ጭስ ከወጣ፣ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። በቅድሚያ የአየር ማጣሪያውን አይታችሁ አቧራውን አጽዱ።

4. ሰማያዊ ጭስ ከወጣ፣ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነስ? ብዙውን ጊዜ ቱቦው አየር ስቧል ወይም ፊልትሮው ተደፍኗል።

ቀጥሎ በተራ እንመርምር

አንደኛ፣ ባትሪውን እንይ። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ እያቃሰተ ከዞረ ጥፋቱ የናፍጣ ላይሆን ይችላል። የባትሪው ጫፍ ነጭ ዝገት ይዞ እንደሆነ ይጽዳ፤ የላላውም ይጥበቅ። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ አታዙሩት። አንድ ሁለት ደቂቃ አሳርፋችሁ ድገሙት። አለዚያ ባትሪውም ያልቃል፣ ሞተሪኖውም ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ካንዴሌታውን እንጠብቅ። ካንዴሌታ በኤሌክትሪክ የሚግል፣ ሞተሩን ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቅ ትንሽ ብረት ነው። ይህ ባለበት መኪና ቁልፉ ሲከፈት የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል መብራት ይበራል። መብራቱ ሳይጠፋ ማስነሳት ችኮላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

ሦስተኛ፣ ውኃ እንፈልግ። ከፊልትሮው ሥር ካለው ማፍሰሻ ጥቂት ናፍጣ በጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡ። ውኃ ከናፍጣ ይከብዳልና ከታች ይዘቅጣል፤ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል። ውኃ ከታየ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ አፍስሱ።

አራተኛ፣ አየሩን እናስወጣ። በቱቦው ውስጥ የገባ አየር ናፍጣውን እንዳይሄድ ያግደዋል። የፊልትሮውን አካባቢ ጥረጉ። በፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ አድርጉ። የእጅ ፓምፑን እየገፋችሁ አረፋው እስኪያልቅ ጠብቁ። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ ቡሎኗን አጥብቁ። አየሩ በማግስቱ ከተመለሰ ግን የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ አለና ፈልጉ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሞተሩ ካልተነሳ፣ ነገሩ የፖምፓ፣ የኢንጄክተር ወይም የሞተር ድካም ነው። እሱን ለጋራዥ እንተው። ያየነውን ጭስና የሠራነውን ብንነግረው መካኒኩ ጊዜ አያባክንም፤ የእኛም ገንዘብ ይተርፋል።

ፈጽሞ የማይደረግ

ከሰልባትዮው ሥር እሳት አንድዶ ማሞቅ ክልክል ነው። መኪናና ሰው ይቃጠላል። ናፍጣን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል አደጋ አለው፤ ላምባ መቀላቀልም ፖምፓውን ይጎዳል። ናፍጣን በአፍ መሳብ ሳንባን ያበላሻል።

ከፖምፓው ወደ ኢንጄክተሩ የሚሄደውን ቱቦ በእጅ አትዳስሱ። እዚያ ያለው ናፍጣ በጣም የታመቀ ነው፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ውስጥ ውስጡን ይገድላል። የደረሰበት ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሂድ። በኮምፒዩተር በሚሠሩት በአዳዲሶቹ መኪኖችማ ግፊቱ እጅግ ይብሳል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሹፌር ጠዋት እንዳይቸገር መኪናውን ቁልቁለት ላይ ያቆምና በማንከባለል ያስነሳል። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት የሚወርድም አይጠፋም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ገደል ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድም እንዲሁ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬን እርዳታ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። የተጫኑት ሰዎች ነፍስ ከአንድ ሊትር ናፍጣ ይበልጣል። እንዲህ ሲደረግ ያየ ተሳፋሪ ዝም አይበል፤ «ጋሼ፣ ሞተሩን ያስነሱልን» ይበል።

ሳይብስ መጠበቅ

ማታ ሰልባትዮውን ሞልቶ ማሳደር ይበጃል። ጎዶሎ ሰልባትዮ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ቀዝቅዞ ጠል ይሆናል፤ ጠሉም ውኃ ነው። በበርሜል ያለ ናፍጣ ሳይናወጥ ይርጋ፤ ከበርሜሉ ወለል አይቀዳ። ሲቀዳም በንጹሕ ማጥለያ ይሁን።

ፊደል ማወቃችን እዚህ ላይ ይረዳናል። አንድ ደብተር እናዘጋጅ። ፊልትሮ የተለወጠበትን ቀን፣ ዘይት የተለወጠበትን ኪሎ ሜትር፣ ሞተሩ ያስቸገረበትን ጠዋትና የታየውን የጭስ ቀለም እንጻፍ። ሹፌር ቢለወጥ፣ የማኅበር ሊቀ መንበር ቢቀየር፣ ደብተሩ ይናገራል። ካያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፣ የመኪናም ዕድሜ በአያያዙ ነው።

ጥያቄዎች

1. የናፍጣ ሞተር ያለ ብልጭታ እንዴት ይቀጣጠላል?
2. ሞተሪኖው እየዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ምን ምን እንመረምራለን?
3. በናፍጣ ውስጥ ውኃ መኖሩን በጠርሙስ እንዴት እናውቃለን?
4. ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መውረድ ለምን አደገኛ ሆነ?
5. በአካባቢያችሁ ላለ መኪና ወይም የወፍጮ ሞተር መመዝገቢያ ደብተር አስምራችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ጻፉ።